ሕያው ሜሞሪ፣ ሙት ሜሞሪ፦ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የአንድ ትርጉም ሥራ ውሎ

ሰኞ

ሊዮን ውስጥ ያለ አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ለጡረተኞችና ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጣል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የማስተማሪያ መምሪያ በእጃቸው አለ፤ ኮምፒውተር ነገሮችን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ለምን እንደሚንቀራፈፍ፣ አዲስ ሲገዛ ምን መታየት እንዳለበት ያስረዳል። ወደ ፈረንሳይኛ የመመለሱን ሥራ እኔ ያዝኩ። ውሎውን በአማርኛ የምመዘግበው ከሁለቱም ቋንቋ ወጣ ብዬ ሳየው ነገሩ ስለሚጠራልኝ ነው። ደግሞም በቴክኒክ ትርጉም የሚደክሙ ያገር ልጆች ጥቂት አይደሉም።

መጀመሪያ የቃላት ሰንጠረዥ አወጣሁ። በአንዱ ዓምድ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሁለተኛው የፈረንሳይኛው አማራጮች፣ በሦስተኛው «አንባቢው ይህን ሲሰማ ምን ይመስለዋል?» የሚል ጥያቄ አለ። ሁለተኛውን መሙላት አያስቸግርም። የፈረንሳይ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ1996 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) ድንጋጌ ወዲህ በይፋ የጸደቁ የፈረንሳይኛ ቃላትን የመጠቀም ግዴታ አለባቸው፤ ቃላቱም ፍራንስቴርም በሚባለው ቋት ተሰብስበው ለማንም ክፍት ናቸው። ከውቅያኖስ ማዶ ደግሞ የኬቤክ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ጽሕፈት ቤት የራሱ ሰፊ የሙያ ቃላት መዝገብ አለው። ስለዚህ «ቃሉ የለም» የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም። ጊዜዬን የሚበላው ሦስተኛው ዓምድ ነው።

መምሪያው «ኮምፒውተር» ብሎ ይጀምራል፤ ፈረንሳይኛው «ኦርዲናተር» ነው። በ1955 አይቢኤም ፈረንሳይ ለአዲሱ ማሽኑ ስም ሲፈልግ የሶርቦኑን የላቲን ሊቅ ዣክ ፔሬን ጠየቀ። ፔሬ ኤፕሪል 16 በጻፉት ደብዳቤ «የሚያሰላ» የሚለውን ሐሳብ ትተው፣ ዓለምን በሥርዓት ስላዘጋጀው እግዚአብሔር ይነገር የነበረ አሮጌ ቅጽል አነሡና «ኦርዲናተር» አሉ። ማሽኑ በዚህ ምክንያት ከሒሳብ ሠራተኝነት ወደ አደራጅነት ከፍ አለ። በፈረንሳይኛ የኮምፒውተር ቃላት ላይ ይህ ድፍረት ደጋግሞ ስለሚታይ እዚህ ላይ ልያዘው።

ማክሰኞ፣ ራምና ሮም

ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ «ራም» ይባላል፤ ምሕጻር ነው፤ ሲዘረዘር «በዘፈቀደ የሚደረስበት ሜሞሪ» የሚል ዓይነት ትርጉም ይወጣዋል። ስሙ የሚገባው መረጃ በማግኔት ቴፕና በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይቀመጥ የነበረበትን ዘመን ላሰበ ሰው ነው። ቴፕ ላይ መጨረሻ ያለውን ለማግኘት እስኪጠቀለል መጠበቅ ግድ ነበር። አዲሱ ሜሞሪ የትኛውም አድራሻ ቢጠራ በእኩል ጊዜ ይመልሳል። ለመሐንዲሶቹ ይህ ትልቅ እፎይታ ስለነበር ስሙን በዚያው አወጡለት። ዛሬ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ጡረተኛ ግን የቴፕ ነገር ጭራሽ አያሳስበውም።

ቃል በቃል ሲመለስ «ሜምዋር አ አክሴ አሌአትዋር» ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ሎተሪ» ብዬ ጻፍኩ። «አሌአትዋር» ለተራው ፈረንሳዊ ዕድልና ዕጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ እጁ የገባለትን የሚያፍስ ይመስለዋል። ሌላም ችግር አለ። ሮምም፣ ማለትም የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሜሞሪ፣ ቢሆን የትኛውም አድራሻው በእኩል ጊዜ ይነበባል። እንግሊዝኛው ጥንድ አድርጎ ያቆማቸው ሁለት ስሞች ተቃራኒ እንኳ አይደሉም፤ አንዱ ስለ አደራረስ ይናገራል፣ ሌላው ስለማይጻፍበት ነገር።

ፈረንሳዮቹ ይህን ሁሉ ዘለው «ሜምዋር ቪቭ» እና «ሜምዋር ሞርት» አሉ፤ ሕያው ሜሞሪና ሙት ሜሞሪ። የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። ዛሬ በየኮምፒውተሩ ያለው ዳይናሚክ ራም የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ በ1966 ካፈለቀው ሐሳብ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ቢት፣ 0 ወይም 1 የሆነችው ትንሿ የመረጃ ቁራጭ፣ በአንዲት ኢምንት ካፓሲተር ውስጥ የተያዘ ኤሌክትሪክ ነው፤ በሩን አንድ ትራንዚስተር ይጠብቃል። ኤሌክትሪኩ ቶሎ ይሸሻል፤ ስለዚህ በተለመደው መስፈርት መሠረት ሜሞሪው ባለበት እንዲቆይ በየ64 ሚሊሰከንዱ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት። ሳያቋርጡ ካልመገቡት የሚጠፋ ነገር «ሕያው» ቢባል አይበዛበትም።

ችግሩ «ሞርት» ላይ ነው። ረቂቁን የሚያነቡልኝ ጎረቤቴ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ ፈረንሳዊ ናቸው። ባገራችን ልማድ ሙሴ ልበላቸው። ገጹን ሁለቴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «መብራት ሲጠፋ ሕያው የተባለው ይሞታል፣ ሙት የተባለው ይተርፋል እያሉኝ ነው?» አሉ። አዎ ነው መልሱ። «ሞርት» ማለት እዚህ የማይለወጥ፣ አዲስ ነገር የማይጻፍበት ማለት ነው። ያም ቢሆን ዘመን አልፎበታል፤ ዶቭ ፍሮማን ኢንቴል ውስጥ በ1971 በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተደምስሶ እንደገና የሚጻፍበትን ሮም ሠርቷል። ዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም የሚቀመጠው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ሲሆን ዝማኔ ሲመጣ ይጻፍበታል። ሙቱ ተነሥቷል ማለት ነው።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። «ሜምዋር ቪቭ» በሁሉም ገጽ ይገባል። «ራም» የሚለው በመጀመሪያው ቦታ ላይ አንዴ ይጠቀሳል፣ ምክንያቱም የሱቅ ካርቶን ላይ የሚታተመው እሱ ነው። «ሜምዋር ሞርት» አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃዋል። ከሥሩ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ፦ ስልክ ሻጮች «ሮም 128 ጂጋ» ሲሉ ፎቶና ቪዲዮ የሚቀመጥበትን ማከማቻ ማለታቸው ነው፣ ከሙት ሜሞሪ ጋር አይገናኝም። አንባቢው «ሮም»ን የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ እሱን መዝለል አይቻልም።

ረቡዕ፣ ጠረጴዛው

የእንግሊዝኛው መምሪያ ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ንጽጽር ይዟል፤ ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው፣ ዲስኩ የፋይል ቁም ሣጥን። ጠረጴዛው ሲሰፋ ብዙ ወረቀት ዘርግቶ መሥራት ይቻላል፣ ማታ ሲዘጋ ጠረጴዛው ይጸዳል። ጥሩ ነው፣ ወደ ፈረንሳይኛ ግን አይሻገርም። ጠረጴዛው በፈረንሳይኛ «ቢሮ» ነው፤ በፈረንሳይኛ ዊንዶውስ ላይ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚታየው፣ ምልክቶቹ የተደረደሩበት የመጀመሪያ ገጽም «ቢሮ» ይባላል። እዚያ ላይ የተቀመጠ ፋይል ያለው ደግሞ ዲስኩ ውስጥ ነው። «ቢሮ ላይ ያለው ሁሉ ሲዘጋ ይጠፋል» ብዬ ብጽፍ ተማሪዎቹ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ከዚያ ለማሸሽ ይሯሯጣሉ።

ስለዚህ ወጥ ቤት ገባሁ። «ፕላን ደ ትራቫይ» ማብሰያው አጠገብ ያለው፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት መደብ ነው፤ «ፕላካር» ደግሞ ዕቃና አስቤዛ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን። መደቡ ሲጠብ ምግብ አብሳዩ በየደቂቃው ዕቃ እያነሣ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመላለሳል፣ ሥራውም ይጓተታል። ይህኛው አንድ ተጨማሪ ጥቅም አስገኘ። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ቨርቹዋል ሜሞሪ፣ ማለትም ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ቦታ እየተበደረ የሚያደርገውን ምልልስ፣ በዚያው ሥዕል ማስረዳት ተቻለ። ዋናው ጽሑፍ ለዚህ ክፍል ሌላ ማስረጃ ፈልጎ ሁለት አንቀጽ ፈጅቷል፤ የእኔ አጠረ። ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ገጽ ስለሚበላ እንዲህ ያለ ቁጠባ ሲገኝ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ሐሙስ፣ ኦክቴ

እዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ግልጽ ብልጫ አለው። የመረጃ መጠን መለኪያ ለሆነው «ባይት» ስም ያወጣለት ቨርነር ቡክሆልዝ ነው፣ በ1956 አይቢኤም ውስጥ። ከ«ቢት» ጋር እንዳይምታታ ሆን ብሎ በአንድ ፊደል አጻጻፉን ለወጠው። የመጀመሪያዎቹ ባይቶች ስፋታቸው ይለያይ ነበር፤ ስምንት ቢት ላይ የረጋው በኋላ ነው። ፈረንሳይኛው «ኦክቴ» ይላል፣ ስምንት የሆነ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከነስሙ ስላለ መከራከሪያ የለውም። በምልክትም ይሻላል። በእንግሊዝኛው ባይትና ቢት የሚለዩት በትልቁና በትንሹ «ቢ» ፊደል ብቻ ነው፤ በፈረንሳይኛ አንዱ «ኦ» ሌላው «ቢ» ነው። የኢንተርኔት ውል ላይ 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚል ሲያይ አንባቢው ለ8 አካፍሎ 12.5 ሜጋ ኦክቴ መሆኑን ለማወቅ ከፊደል መጠን ጋር አይታገልም።

«ቢት» የሚለው ራሱ በፈረንሳይኛ ጆሮ የወንድ ብልት የብልግና ስም ሆኖ ይሰማል። አስተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ሳቅ የማይቀር መሆኑን ነግረውኛል፣ እኔም ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ኦክቴ ብዙውን ሥራ ስለሚሸከም ቢት የሚታየው ሁለት ሦስት ቦታ ነው።

የበለጠ ያሰብኩበት የቁጥሩ ነገር ነው። የሜሞሪ ቺፕ አድራሻው በሁለት እጥፍ ስለሚያድግ መጠኑም በ1,024 ይባዛል፤ የዲስክ አምራች ግን በ1,000 ይቆጥራል። 8 ጂጋ የተባለ ራም 8,589,934,592 ኦክቴ ሲሆን፣ 1 ቴራ የተባለ ዲስክ 1,000,000,000,000 ኦክቴ ነው። ዊንዶውስ ይህንኑ ዲስክ በ1,024 እያካፈለ 931 ጂጋ ብሎ ያሳያል፣ ገዢውም ተጭበረበርኩ ይላል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 በ1,024 ለሚባዙት መጠኖች የተለዩ ቅጥያዎችን አጽድቋል፤ በፈረንሳይኛ «ኪቢኦክቴ»፣ «ሜቢኦክቴ»፣ «ዢቢኦክቴ» ይባላሉ። ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ሱቅ ውስጥ «ስምንት ዢቢ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጽሑፉ ውስጥ ጂጋ ኦክቴ እንዳለ ቆየ፣ 931 የት እንደሄደ የሚያስረዳ አንድ ሣጥን ብቻ ተጨመረ።

ሰኞ፣ ካሽ

ለዚህ ቃል አዘንኩለት። «ካሼ» በፈረንሳይኛ መደበቅ ነው። የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አዳኞች ስንቅና ቆዳ የሚሸሽጉበትን ጉድጓድ «ካሽ» ይሉት ነበር፤ እንግሊዝኛ ከእነሱ ወሰደው። በ1968 አይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 85ን ሲያቀርብ በአንጎለ ኮምፒውተሩና በዋናው ሜሞሪ መካከል የገባችው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ በዚህ ስም ተጠራች። ከዚያ ቃሉ ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰ። ጾታው ግን ተምታታበት፤ «ላ ሜምዋር ካሽ» ሴት፣ ብቻውን ሲቆም ደግሞ «ለ ካሽ» ወንድ ነው፣ ያውም ወንዱ በተለመደው ፈረንሳይኛ መሸፈኛ ማለት ሆኖ ሳለ። የሙያ መዝገቦች «አንቴሜምዋር» የሚል ንጹሕ ቃል አላቸው፣ ከሜሞሪ በፊት ያለ ሜሞሪ እንደ ማለት። ካናዳ ውስጥ ይታያል፤ ሊዮን ላይ ብጠይቅ ማንም አያውቀውም።

አንባቢው ቃሉን የሚያገኘው አንድ ቦታ ነው፤ ብሮውዘሩ ላይ «ቪዴ ለ ካሽ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ። ስለዚህ «ካሽ» ይቆያል። ሙሴ ግን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ጥሬ ገንዘብም «ካሽ» ነው፣ ድምፁ አይለይም። «አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ካሽዎን ባዶ ያድርጉ ቢለኝ ለፖሊስ ነበር የምደውለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ በእነሱ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ላይ በስልክ የሚፈጸመው ማጭበርበር ብዙ ነው። የመምሪያው ዐረፍተ ነገር አሁን ሲጀምር ብሮውዘሩ የጎበኟቸውን ገጾች ቅጂ የት እንደሚያስቀምጥ ይናገራል፤ ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በአማርኛው አንድሮይድና ክሮም ይህ «መሸጎጫ» ይባላል። የአዳኞቹን ጉድጓድ ከፈረንሳይኛውም ይልቅ የሚመስለው እሱ ነው።

በዚያው ቀን፣ ማታ

በ«በፈር»፣ ማለትም መረጃ ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ሲያልፍ ለጊዜው በሚቆይበት ሜሞሪ፣ ፋንታ «ሜምዋር ታምፖን» ገባ። «ታምፖን» በፈረንሳይኛ ማኅተምም ነው፣ ሐኪም ቤት የሚታወቅም ነገር ነው፣ የባቡር ፉርጎ ጫፍ ላይ ግጭት የሚያበርድ ዲስክም ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስጋቴን ደርድሬ ወደ ሙሴ ሄድኩ። አርባ ዓመት ከፉርጎ ጋር የኖሩት ሰው ቃሉን እንዳዩ «በእርግጥ! አንዱ ቶሎ ሲመጣ ሌላው ሲዘገይ መሐል ገብቶ የሚችል» ብለው ከእኔ በላይ አስረዱኝ። ቪዲዮ ሲከፈት መጀመሪያ ለምን ትንሽ እንደሚቆም የሚያስረዳው አንቀጽ በእሳቸው አነጋገር ተጻፈ።

ረቡዕ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ

ፕሮግራም ለምን እንደሚወድቅ የሚናገረው ምዕራፍ የተጻፈው ጸሐፊው ለሙያ ባልደረቦቹ እያወራ ይመስላል። ከሁሉም የከበደኝ «ፒል» ነው። መረጃ እየተደራረበ የሚቀመጥበት ክምር በፈረንሳይኛ ይፋዊ ስሙ «ፒል» ነው፣ የባትሪ ድንጋይም «ፒል» ነው። ሌላ መጽሐፍ ላይ ቢሆን ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ከሁለት ገጽ በፊት ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓቱን ስለምታቆየው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ተነግሯል። «ፒሉ ሞልቶ ፈሰሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ባትሪው አሲድ ያፈሰሰ መስሎት ማሽኑን ከመብራት ይነቅላል። ማኅበሩን አስፈቅጄ ክምሩን በስም ሳልጠራ ሥራውን ብቻ ገለጽኩ፤ ባትሪዋም «ፒል ቡቶን» ተብላ በቁልፍ ቅርጿ ተለየች።

«ሜሞሪ ሊክ» የሚባለው «ፍዊት ደ ሜምዋር» ነው፣ ቃል በቃል ትክክል። ነገር ግን እዚህ አገር ዜና ላይ «ፍዊት» ሲባል የሰዎች መረጃ መሹለክ ነው። ሙሴ «ታዲያ የይለፍ ቃሌን ልቀይር?» ብለው ጠየቁ። ከማሽኑ የሚወጣ ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ የጠየቀውን ቦታ ሳይመልስ ሌላ እየጠየቀ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ለሌሎቹ ቦታ ይጠፋል። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አስቀምጬ ምሥጢር የማይወጣ መሆኑን ከሥሩ ጻፍኩ።

«ኮር ዳምፕ»፣ ፕሮግራም ሲወድቅ የሜሞሪው ይዘት ተገልብጦ የሚቀመጥበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣም ረጅም ሰዓት ያዘኝ። «ኮር» ዛሬ በፈረንሳይኛ እንደ አገባቡ ሦስት መልክ አለው። ባለ አራት ኮር አንጎለ ኮምፒውተር ሲባል «ከር»፣ ልብ ነው። የትርጉም ማሽን «ኗዮ» ሊለው ይችላል፣ እሱ ግን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። እዚህ የተባለው ከሁለቱም አይደለም፤ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሜሞሪ የሚሠራው ሽቦ በተሳለፈባቸው ጥቃቅን የፌራይት ቀለበቶች ነበር፣ አንድ ቀለበት አንድ ቢት። ፈረንሳይኛው ቀለበቱን «ቶር» ይለዋል። ቀለበቶቹ ሲቀሩ እንግሊዝኛ ስሙን ይዞ ቀረ፤ ፈረንሳይኛ ግን «ቪዳዥ ሜምዋር»፣ ሜሞሪውን መገልበጥ፣ ብሎ ስለ ቀለበት ምንም ሳያነሣ አለፈ። ታሪኩ ያምራል፣ ለጀማሪ ግን አልጠቅምም አለኝና ከመምሪያው አወጣሁት። እዚህ ማስታወሻ ላይ ይቆይ።

«ራማስ ሚየት»ን ግን ማንም ቢለምነኝ አላወጣም። ጆን ማካርቲ ሊስፕ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያሰበው፣ ፕሮግራም የማይፈልገውን ቦታ እየለቀመ የሚመልስ ዘዴ ነው። እንግሊዝኛው የቆሻሻ ሰብሳቢ አደረገው። «ራማስ ሚየት» ከምግብ በኋላ የዳቦ ፍርፋሪ ከገበታ ላይ የሚጠረግበት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የፈረንሳይ ጡረተኛ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ከ«ታምፖን» ሌላ ሙሴ ጥያቄ ያላነሡበት ቃል ይኸው ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ማስረከብ

የቀረው የጽሕፈት ሥራ ነው። በፈረንሳይኛ ከሁለት ነጥብ፣ ከጥያቄና ከቃል አጋኖ ምልክት በፊት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ «8» እና «ጂጋ ኦክቴ»ም በመስመር መጨረሻ ላይ እንዳይለያዩ በማይሰበር ክፍተት ይታሰራሉ። የአሥርዮሽ ነጥቡ ወደ ነጠላ ሠረዝ ይለወጣል። የሥዕሎቹ መግለጫዎች ውስጥ የሜሞሪ ካርዱ «ባሬት» ሆነ፤ የፀጉር ማያያዣም ባሬት ነው፣ ግን ሥዕሉ ከጎኑ ስላለ ማንም አይሳሳትም።

ማኅበሩ አንድ ነገር ላይ ተከራከረኝ። የስልኩ ምዕራፍ ላይ እኔ «ስቶካዥ» ብቻ ጽፌ ነበር፣ ማከማቻ ማለት ነው፤ እነሱ «ሜምዋር አንቴርን» ይሁን አሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ስልክ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ ሙሉ መምሪያውን ሜምዋር ሲሞላ ማሽን ይንቀራፈፋል እያልኩ ስመጣ፣ ፎቶ የሚቀመጥበትንም ሜምዋር ካልኩት ሰው ራም ሊቆጥብ ፎቶ እየደመሰሰ ይኖራል አልኩ። ተስማማን፦ «ስቶካዥ» በጽሑፉ ውስጥ፣ «ሜምዋር አንቴርን» በመጨረሻው ማውጫ ላይ «ስቶካዥን ይመልከቱ» ከሚል ጠቋሚ ጋር። መረጃን በቺፕ ላይ ለሚያስቀምጠው ማከማቻ «ዲስክ ኤስኤስዲ» የሚለውንም ሰው እንደሚለው ተውኩት፣ ውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ ባይኖርም። ፋይሉ ለገጽ አቀናባሪው ተልኳል፤ ፊደሉ ከፍ እንዲል ስለተጠየቀ የ931ዱን ሣጥን ሌላ ገጽ ላይ ማዛወር ሳያስፈልግ አይቀርም።